የአክስቴ አፍንጫና የገብሱ ቡቃያ

አክስቴ ዛሬም ድረስ ጉንፋን ነው ትላለች። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ያልለቀቀ ጉንፋን። ባለፈው ሳምንት ልጠይቃት ብሄድ ምድጃው ላይ የጣደችው ድንች ከሰል ሆኗል፤ እሷ ጀርባዋን ለወጥ ቤቱ ሰጥታ፣ ወንበሯ ላይ ተደላድላ ሬዲዮ ታዳምጣለች። «አክስቴ፣ ድንቹ እኮ አረረ» ስላት፣ ዘወር እንኳ ሳትል «ትንሽ ጉንፋን ይዞኝ ነው» አለችኝ። ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ይሉታል? እኔ ስታገላት ኖሬ ደክሞኛል።

ነገሩን ግን ከሥሩ ላምጣው። እኔም ብሆን ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም።

እናቴ ወንድሜን የወለደች ጊዜ ስምንት ዓመቴ ነበር። ሕፃኑ አንድ ክንድ አይሞላም፤ ዕቃው ግን ቤቱን ሞላው። የእኔ ቦታ ተፈለገና «አንቺ እንግዲህ ትልቅ ልጅ ነሽ» ተብዬ፣ ፍራሼን በራሴ ላይ ተሸክሜ ወደ ጓሮ ክፍል፣ ወደ አክስቴ ተላክሁ። ትልቅ ልጅ መሆን እንዲህ ከሆነ ባላድግ ይሻለኝ ነበር።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ከመጣች ገና ዓመት አልሞላትም። ጓሮው ክፍል አንድ መስኮት፣ አንድ አምፖልና ሁለት ፍራሽ አለው፤ የቀረው በሙሉ የገብስ ነው። አባቴ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ስለነበረ፣ ከተጣለ አውቶቡስ ላይ የዕቃ መጫኛ ቧንቧ ለቃቅሞ አምጥቶ ባለ ሰባት ደረጃ መደርደሪያ በይዶላታል። በየደረጃው አንድ አንድ የዳቦ ቤት ትሪ ተቀምጧል። ትሪዎቹ በአንድ ጫፋቸው በምስማር ተበስተዋል፤ ውሃው እንዲወርድ በዚያው በኩል ዘመም ብለው ይቀመጣሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ገብሱ ባልዲ ውስጥ ይዘፈዘፋል። እንዳይሻግት ጠብ የምትል በረኪና ይገባበታል። በማግስቱ ሦስት ጊዜ ይለቀለቅና ትሪ ላይ የጣት ውፍረት ያህል ይነጠፋል፤ ከዚያ ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣል። ላይኛው ደረጃ የዛሬው፣ ታችኛው የሰባት ቀኑ ነው፤ በየጠዋቱ ሁሉም አንድ አንድ ደረጃ ይወርዳል። በሁለተኛው ቀን ነጭ ጫፍ ያወጣል፣ በአራተኛው አረንጓዴ ይሆናል፣ በሰባተኛው ሥሩ እርስ በርሱ ተቆላልፎ እንደ ምንጣፍ ከትሪው ተላጦ ይነሳል። አክስቴ ምንጣፉን ጠቅልላ በብብቷ ሸጉጣ፣ ጓሮ ያሉት የሽቦ ሳጥኖች ዘንድ ሄዳ እየቀደደች ታድላለች። ሃያ ሦስት ጥንቸል ነበር። ቡቃያው፣ ሥሩ፣ ያልበቀለው ፍሬ ሳይቀር ድምጥማጡን ያጠፉታል። አንድ ባለ ምግብ ቤት በየሳምንቱ እየመጣ የደረሱትን ጥንቸሎች ይወስድ ነበር። እኔ ዛሬ አርባ ጥንቸል አለኝ፤ አሠራሬ ያው የእሷው ነው። ከዚያ የተሻለ አላየሁም። ይህን ግን ለእሷ አልነግራትም፤ ከነገርኳት አታስቀምጠኝም።

የተቸገርኩት በውሃው ነው። ቀን ከሌት ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ከሰባቱም ትሪ፣ እያንዳንዱ በየራሱ ጊዜ። እዚያ ክፍል ውስጥ ተኝቶ ፍራሹ ላይ የማይሸና ልጅ ካለ ይምጣና ያስተምረኝ።

እኔ ሸናሁ። አንድ ቀን ብቻ አይደለም። ስምንት ዓመቷን የጨረሰች፣ ታላቅ እህት የተባለች ልጅ። ጠዋት አክስቴ ለጥንቸሎቹ ውሃ ልትቀይር ስትወጣ ፍራሼን እገለብጠዋለሁ፤ በማግስቱ መልሼ እገለብጠዋለሁ፤ በኋላ ሁለቱም ፊት አንድ ሆነና መገልበጡም ትርጉም አጣ። እናቴ ካወቀች እንደማልቅ አውቀዋለሁ። እሷ ምሥጢር አታውቅም፤ ሰው ሰላም ካላት የምታወራው ያለፈ ሳምንት የሆነውን ሁሉ ነው።

እንግዲህ በዚህ ላይ ነው የአክስቴ ነገር የመጣው።

በየቀኑ ጠዋት፣ ፊቴን ሳልታጠብ፣ የታችኛውን ትሪ ይዛ ፍራሼ ጫፍ ላይ ትመጣለች። አፍንጫዬ ሥር ታስጠጋውና፣

«አሽትቺ» ትለኛለች። «ምን ይሸታል?»

እኔ ያለሁት ረጥቦ ባደረ ፍራሽ ላይ ነው። ብርድ ልብሱን እስከ አገጬ ስቤያለሁ። እሷ ቆማ ቁልቁል ታየኛለች። ምን ይሸታል ትለኛለች። እስቲ እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ምን ይመስላችኋል? ይቺ ሴትዮ አውቃብኛለች ነው ያልኩት። አውቃ፣ መናገሩን ትታ፣ በየቀኑ በገብስ እያሳበበች እያሰቃየችኝ ነው።

«ምንም አይሸትም» እላለሁ።

«ደህና አድርገሽ ሳቢው።»

«ምንም አይሸትም አልኩ እኮ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ምንም፣ ምንም፣ ምንም።»

ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። እኔም አፍጥጬ አያታለሁ። እልኸኛ ነኝ፤ ከማን እንደወረስኩት መጠየቅ አያስፈልግም። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን አሽትቼላት አላውቅም። ትሪው ሲጠጋ ትንፋሼን እይዛለሁ፤ ሲርቅ እለቀዋለሁ። በቃ።

አክስቴ ግን ምንም አላወቀችም ነበር። ፍራሼን ጠቅልላ ብትንተራሰው እንኳ አታውቅም። እኛ ቤት ከመምጣቷ በፊት በነበረው ዓመት ሦስት ሳምንት የጣላት ትኩሳት ነበር፤ ትኩሳቱ ሲለቃት ማሽተቷንም ይዞ ሄደ። ለማንም አልተናገረችም። በቤተሰቡ ውስጥ «ከምትሠራበት ዳቦ ቤት ባለቤት ጋር ተጣልታ ሥራዋን ለቀቀች» ነው የሚባለው። እኔም በልቤ ባለቤቱን ዱላ የያዘ፣ ዓይኑ የቀላ ክፉ ሰው አድርጌ ስዬው ነበር። ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ አገኘሁት። ለስላሳ፣ ምስኪን ሽማግሌ። «አሥራ አንድ ዓመት ምድጃዬ ላይ የቆመች ሴት በአንድ ወር ሦስት ጊዜ ሙሉ ምድጃ ዳቦ አሳረረች፤ እዚያው አጠገቡ ቆማ። ምን ሆነሽ ነው እህቴ ብዬ ብለምናት፣ ምድጃህ ነው የተበላሸው ብላ ትሪዎቿን ሰብስባ ወጣች» አለኝ። ትሪዎቹ የእሱ ነበሩ። እሱንም ተወላት።

እንዲህ እንግዲህ አንድ እንጀራዋን አፍንጫዋ አሳጣት። ሁለተኛው ደግሞ በእኔ አፍንጫ ላይ ነበር የቆመው፤ እኔ ደግሞ ትንፋሼን ይዤ ነበር።

ምልክቱ እኮ ሞልቶ ነበር። ሾርባ ላይ ቁንዶ በርበሬ እፍኝ ሙሉ ትጨምራለች፤ እኛ ስናስል እሷ «ልፍስፍስ ሁላ» ትላለች። የተበላሸ ወተት ትጠጣለች። እናቴ «ስስት ነው፣ መድፋት አትወድም» ስትል እሰማለሁ። እኔም ስስታም ናት አልኩ። ሰው ስለ ሰው የሚያውቀው ነገር ትንሽ ነው፤ የሚናገረው ግን አያልቅም።

መጀመሪያ አንድ ግራጫ ወንድ ሞተ። ሆዱ እንደ ኳስ ተነፍቶ፣ እግሩን ዘርግቶ ጠዋት ሳጥኑ ውስጥ ተገኘ።

«እትዬ፣ ይሄ ነገር እንዴት ነው?» አላት አባቴ።

«ብርድ ነው፣ ማሙሽ።»

አባቴ በበር ሲገባ ጎንበስ የሚል ግዙፍ ሰው ነው። አውቶቡስ ውስጥ አንዴ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰው ሁሉ ቦታውን ይይዛል። እሷ ግን ማሙሽ ነው የምትለው፤ በእናቴ ፊት፣ በእኔ ፊት፣ ተሳፋሪ ቢኖርም ግድ የላት።

ከሳምንት በኋላ ሁለት ሞቱ። አባቴ የእንስሳት ሐኪም ይዞ መጣ፤ ቦቲ ጫማ ያደረገች ወጣት ሴት ናት። ሐኪሟ አንዱን ሬሳ ከፍታ አየች፣ እጇን ታጠበች፣ ከዚያ ወደ ክፍላችን ገብታ ከታችኛው ትሪ ላይ አንድ ቁራጭ ምንጣፍ አንስታ እንደ ዳቦ ለሁለት ቆረሰችው።

«ላዩ ያምራል» አለች። «ይሄ ከሥሩ የሚታየው ነጭ ጠጉር ሻጋታ አይደለም፤ የሥር ጠጉር ነው። ውሃ ሲነካው ይተኛል፤ እሱ አያሳስባችሁ። ጥንቸል የሚገድለው ክፉው ሻጋታ መሐሉ ላይ ነው የሚጀምረው። ሥሩ ስለሚጠቀጠቅ ዓይን አያየውም፤ አፍንጫ ነው የሚያገኘው። ከመስጠታችሁ በፊት አታሸቱትም?»

«በየቀኑ ይሸተታል» አለች አክስቴ።

አልዋሸችም። ማን እንደሚያሸት ብቻ ነው የዘለለችው።

ሐኪሟ ዞር ስትል እኔን በር ላይ አየችኝ። ልጅ የምትወድ ሴት ነበረች መሰለኝ፤ ጎንበስ ብላ፣ «አንቺም ተማሪ» አለችኝ። «ጥሩው እንደታጨደ ሣር ነው የሚሸተው። ክፉው ደግሞ ምን እንደሚሸት ታውቂያለሽ? እንደ ረጠበ ፍራሽ።»

አሁን ነገሩ ሁሉ ግልጽ ሆነልኝ። አክስቴ በራሷ ማሰቃየት አልበቃ ብሏት ሐኪም አስመጥታ አሲራብኛለች። ያቺ ምስኪን ሐኪም ስለ ሻጋታ ነው የምትናገረው፤ ከአሥር ሰው ስምንቱ ያንን ሽታ በረጠበ ፍራሽ ነው የሚመስለው፤ እኔም ዛሬ ጥንቸል ለሚያረቡ ጎረቤቶቼ የምለው እሱኑ ነው። በዚያን ጊዜ ግን ፊቴን አዙሬ ሮጥኩ።

በዚያው ቀን ከሰዓት ጓሮው ጥግ ቁጭ ብዬ ትሪ ሳጥብ አባቴ በመስኮቱ ከአክስቴ ጋር ሲነጋገር ሰማሁ።

«ሦስት ሞተ፣ እትዬ። ባለ ምግብ ቤቱም ሆዳቸው የተነፋ ጥንቸል አታሳዩኝ ብሏል። አሁን አንድ ከሞተ መደርደሪያውን ነቅዬ እጥለዋለሁ።»

«ንቀለዋ። መንቀል ምን ያቅትሃል።»

«ታላቅ ወንድማችን ቤት ትገቢያለሽ። ሚስቱ ሰው እየፈለገች ነው።»

«ሰው ነው የምትፈልገው? አምስት ልጅ የሚያጥብ፣ የሚያበላ፣ ማታ ወጥ ቤት ጥግ የሚተኛ። እሱ ሰው አይባልም፣ ማሙሽ። ሌላ ስም አለው።»

«የወንድምሽ ልጆች ናቸው እኮ።»

«እኔ ሥራ አለኝ።»

«ሥራሽ እየሞተ ነው» አለ አባቴ።

 

እኔ ከዚህ ሁሉ የገባኝ አንድ ነገር ነው፦ አንድ ጥንቸል ከሞተ አክስቴ ትሄዳለች። ጠዋት ጠዋት አሽትቺ የሚለኝ አይኖርም። ደስ አለኝ። አርባ አንድ ዓመት አለፈ፤ ቢሆንም ደስ ብሎኝ ነበር። ትሪውን እየዘመርኩ አጠብኩት።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት አክስቴ ትሪውን ይዛ ስትመጣ አንዴ ብቻ አትጠይቀኝም፤ ሦስቴ፣ አራቴ ትጠይቀኛለች። አንዱን ጫፍ፣ ሌላውን ጫፍ፣ መሐሉን ገልጣ። እጆቿ ትሪውን የሚይዙት ሕፃን እንደሚያሳይ ሰው ነበር። እኔ በቀል ጨመረች አልኩ። ትንፋሼንም አጥብቄ ያዝኩ።

አንድ ጠዋት ግን አመለጠኝ። ከእንቅልፌ ሳልነቃ ነው የመጣችብኝ፤ አፌን ከፍቼ ሳዛጋ ሽታው ዘው ብሎ ገባ። ኮምጠጥ ያለ፣ ከበድ ያለ፣ እርጥብ። ቁርጥ እኔን። ቁርጥ ፍራሼን።

«ምን ይሸታል?» አለችኝ።

ይሸታል ብል የምናገረው ስለ ገብሱ ነው ወይስ ስለ ራሴ? በስምንት ዓመት ጭንቅላቴ ሁለቱ አንድ ነበሩ።

«ምንም አይሸትም» አልኳት።

ምንጣፉን ጠቅልላ ወጣች።

አንዲት ነጭ እናት ጥንቸል ነበረች። አክስቴ «ወይዘሮ» ነው የምትላት፤ ከጥንቸሎቹ ሁሉ በፊት የምትበላው እሷ ናት፤ የሁሉም እናት ናትና። በማግስቱ ጠዋት ወይዘሮ ሆዷ ተነፍቶ ተጋድማ ተገኘች። አባቴ የዕረፍት ቀኑ ነበር።

መዶሻና መፍቻ ይዞ መጣ። አክስቴ በሩ ላይ ቆመች፤ እሷ ትከሻው ላይ አትደርስም፤ ግን ቆመች። ገፋ አድርጎ ገባ። ሁለት እርምጃ ሄዶ ግን ቀጥ አለ። የመዶሻውን እጀታ እንደያዘ በእጁ ጀርባ አፍንጫውን ሸፈነ።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው?»

«ምን ይሸታል?» አለች አክስቴ።

«ምን ይሸታል ትይኛለሽ? እዚህ ውስጥ ነው የምትተኙት?»

መደርደሪያውን ካቆመ ወዲህ ወደዚያ ክፍል ገብቶ አያውቅም፤ ከመስኮት ውጭ ሆኖ ነው የሚያወራት። ሐኪሟ የመጣች ቀንም እሱ ውጭ ከጥንቸሎቹ ጋር ቀርቶ ነበር። አሁን እንደ ውሻ እያነፈነፈ ትሪዎቹን አንድ በአንድ አየ። ከዚያ ጎንበስ አለ። ከዚያ የፍራሼን ጫፍ ይዞ አነሳው።

የዓለም መጨረሻ ምን እንደሚመስል ሰው ቢጠይቀኝ እሱን ነው የምነግረው፦ አባቴ ፍራሼን አንስቶ፣ በመስኮት የገባው ፀሐይ እድፉ ላይ አርፎ።

አክስቴ ቀረብ ብላ አየችው። «ውሃ ነው» አለች። «ከትሪው እየወረደ ነው። መደርደሪያውን ከግድግዳው ራቅ አድርገህ ሥራው ብዬህ ነበር።»

አፌን ከፍቼ አየኋት። ፊቷ ላይ ተንኮል የለም። የምሯን ነው። ለስንት ወር በየቀኑ ያሰቃየችኝ ሴት፣ ውሃ ነው ትላለች። በእሷ ነገር መቼም ግራ ያልተጋባሁበት ጊዜ የለም፤ የዚያን ቀኑ ግን አናቴን ነው ያዞረኝ። አለቀስኩ።

«እያወቀች ነው» አልኩት አባቴን። «ስለ ፍራሼ ታውቃለች። በየቀኑ ጠዋት አሽትቺ፣ አሽትቺ የምትለኝ ለሱ ነው።»

አባቴ ፍራሹን ቀስ ብሎ አስቀመጠው። «ምኑን ነው አሽትቺ የምትልሽ?»

«ትሪውን።»

«እሷስ አታሸተውም?»

«እኔን ብቻ ነው የምትለው።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

እህቱን አያት። ነገሩ ገብቶት ፊቱ ተለወጠ። ያረረው ዳቦ፣ የተበላሸው ወተት፣ ቁንዶ በርበሬው፤ ያን ሁሉ አሁን ሳስበው ነው እንጂ በዚያን ሰዓት ያየሁት አባቴ መዶሻውን መሬት አስቀምጦ ሲወጣ ብቻ ነው። ከወጥ ቤት ሁለት ብርጭቆ ይዞ ተመለሰ። ባልዲውን ደፍቶ በላዩ አስቀመጣቸው። በሁለቱም ውስጥ ያለው እንደ መስታወት የጠራ ነው።

«አንዱ ውሃ ነው። አንዱ ገብሱ ላይ የምትጨምሪው በረኪና ነው» አላት። «ውሃው የቱ እንደሆነ ንገሪኝ። መደርደሪያሽን አልነካም፤ ሁለተኛም ስለሱ አልናገርሽም።»

«አብደሃል ወይ፣ ማሙሽ?»

«ንገሪኝ።»

«ጉንፋን ይዞኛል።»

«ጉንፋን የያዘው ሰውም በረኪና አያመልጠውም፣ እትዬ። ንገሪኝ።»

ይሄን የመሰለ ብልሃት ከወንድ ራስ እንጂ ከየት ይመጣል። ቁጭ ብሎ «እህቴ፣ ምን ሆነሽ ነው» ማለት አቅቶት መርዝ ቀድቶ ይመጣል። እሷም ብትሆን ብልጥ አልነበረችም እንዳልል፣ በረኪና ጣት ላይ እንደ ሳሙና እንደሚያሟልጭ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ጣቷን ነከር ብታደርግ ታውቀዋለች። ጣት መንከር ግን አፍንጫዬ አይሠራም ብሎ መናገር ነው። እሱ «አላውቅም» እስክትለው ይጠብቃል። እሷ «ይቅር» እስኪላት ትጠብቃለች። የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ መሸነፍን እንደ ተላላፊ በሽታ ነው የሚፈሩት።

እኔ ከፍራሼ ላይ ሆኜ ሸተተኝ። የግራው።

የአክስቴ እጅ ወደ ግራው ሄደ። አነሳችው። መናገሩ አነሰና ውሃ መሆኑን ጠጥቼ ላሳይህ ልትለው መሆኑ ነው። ብርጭቆው ወደ አፏ ሲሄድ አባቴ አፉ ተከፈተ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም። ከንፈሯ ደረሰ።

«አክስቴ፣ እሱ በረኪና ነው» አልኳት።

ብርጭቆው ቆመ።

«አውቃለሁ» አለች።

መልሳ ባልዲው ላይ አስቀመጠችው። አባቴ ፍራሼ ላይ፣ እዚያው እርጥቡ ላይ፣ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አላት።

«ጥንቸሎቹ አልበሉም» አለችው።

«ከነገ ጀምሮ ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት እኔ እየመጣሁ አሸታለሁ።»

«አንተ? አንተ ከናፍታ በቀር ምን ታሸታለህ። ልጅቷ ትበቃኛለች።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ፣ ስትልሽ ታሸቺላታለሽ?»

መዋሸት እችል ነበር። በልምድ ማለቴ ነው። ራሴን ነቀነቅሁ፤ አላሸትላትም።

አክስቴ አየችኝ። በሕይወቴ ብዙ ሰው ተቆጥቶኛል፤ እንደዚያን ዕለቱ ዝምታዋ ያለ ቁጣ ግን አላየሁም። ወይዘሮን በማን እንዳጣች ያን ጊዜ ነው ያወቀችው። በእኔ ማለቴ ነው፤ በራሷም ድርሻዋ አለበት፤ አንድ ጊዜ «አይሸተኝም» ብትለኝ ኖሮ አሸትላት ነበር። ያቺን አንድ ቃል ግን እስከ ዛሬ አልወጣትም።

«አንድ ቀን ነው የምሰጥሽ» አላት አባቴ ሲነሳ። «ነገ ጠዋት። ከነገ ወዲያ ሬሳ ካየሁ አለቀ።» ከዚያ ፍራሼን ትከሻው ላይ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ሊያሰጣ ይዞ ወጣ። ስከተለው ቆም ብሎ «ይሄን ነገር ለማንም እንዳትናገሪ፤ ለእናትሽም ቢሆን» አለኝ። ስለ ፍራሹ መስሎኝ ወደድኩት። የእህቱን ጉድ እየሸፈነ እንደነበር የገባኝ ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው።

በማግስቱ ጠዋት አክስቴ የታችኛውን ትሪ ይዛ መጣች። አባቴ የሥራ ልብሱን ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል፤ የአውቶቡሱን ቁልፍ ጣቱ ላይ ያሽከረክራል። አርፍዷል። አክስቴ እሱ እንደሌለ አድርጋ ነው የምትራመደው።

«አሽትቺ።»

አሸተትኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አፍንጫዬን ቡቃያው መሐል ነክሬ፣ ደረቴ እስኪሞላ ሳብኩት። ላዩ ሣር ነው። ከሥሩ ግን አለ። ያው ከትናንት ወዲያው።

ተበላሽቷል ካልኩ አባቴ እየሰማ ነው፤ የዚህ ሁሉ መጨረሻ ይሆናል። የለም ካልኩ ነገ አንዱ ይሞታል፤ ያም መጨረሻ ነው። አክስቴ የምትገባበት የዚያ ወጥ ቤት ጥግ ታየኝ፤ አይቼው አላውቅም፣ ግን ታየኝ።

«ይሸታል» አልኩ።

«ምን ምን?»

«የረጠበ ፍራሽ።»

እርግጠኛ ነሽ ወይ ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አላለችኝም። ያን ሁሉ ወር በየቀኑ የምትጠይቀኝን ያን ቀን አልጠየቀችኝም። ዞር ብላ በአባቴ አጠገብ አልፋ፣ የሰባት ቀን ልፋቷን ሙሉውን ምንጣፍ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ደፋችው። ተመልሳ የስድስት ቀኑን አወረደች። ገና አልደረሰም፤ ሥሩ አልተያያዘም፤ ግን ሌላ የሚሰጥ የለም።

«ይሄስ?»

ደግሜ ሳብኩ። መሐሉን ገለጥኩ፣ ጫፉን ገለጥኩ። እሷ ትሪውን ሳታንቀሳቅስ ያዘችልኝ።

«ሣር» አልኩ። «ሣር ብቻ ነው።»

የቁልፉ ድምፅ ቆመ። አባቴ እኔን አየ፣ ትሪውን አየ፣ ከዚያ መደርደሪያው ሥር ካስቀመጠበት መዶሻውንና መፍቻውን አንስቶ በብብቱ ይዞ ወደ አውቶቡሱ ሄደ። አክስቴ ቡቃያውን እየፈረሰባት ሰብስባ ለአሥራ ዘጠኝ አፍ ከፋፈለችው፤ በዚያ ሳምንት አንድም አልሞተም፤ በሚቀጥለውም።

እኔ ፍራሼ በነበረበት ባዶ ቦታ ላይ ተቀምጬ፣ አንዲት ጥሩ ቃል ትወረውርልኝ ይሆናል ብዬ እጠብቃለሁ። ባዶ ትሪዎቹን ይዛ መጣችና እግሬ ሥር አስቀመጠቻቸው።

«ምን ትጎለቻለሽ?» አለችኝ። «እነዚህን እጠቢና ነይ፤ ላይኛው ውሃ አልጠጣም።»